ዛሬ ማታ የትኛውን እንይ? ብዙዎቻችን ያላየናቸው የአገራችን ፊልሞች ሲወዳደሩ

«ከቤተሰብ ጋር የሚታይ ጥሩ የአገራችን ፊልም ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ በዓል በደረሰ ቁጥር ይመጣል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ሽልማት የበዛለትን ይጠራል፣ ሌላው ሰሞኑን ስሙ የተነሣውን። እንዲህ ያለ መልስ ግን ጠያቂውን ብዙም አይረዳውም። እሱ ሳሎን ውስጥ አያት ተቀምጠዋል፣ የአሥር ዓመት ልጅ አለ፣ ከሥራ ደክሟት የገባች እህት አለች። ማወቅ የሚፈልገው ፊልሙ ለእነዚህ ሰዎች፣ በዚህ ሰዓት ይሆን እንደሆነ ነው።

እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ሲመቸኝ ሲኒማ ቤት የምገባ፣ ሳይመቸኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ የማይ ተመልካች ነኝ። ስለዚህ የማወዳድረው በካሜራ ጥበብ ወይም በዋንጫ ብዛት ሳይሆን ፊልሙ ከሚያየው ሰው በሚጠይቀው ነገር ነው፤ ስንት ሰዓት ይፈልጋል፣ ምን ያህል ጸጥታ ይሻል፣ ሆድ ላይ ምን ጥሎ ይሄዳል። ሰው በተሰበሰበበት የሚያምር ፊልም አለ፤ ብቻን ሆነው ካላዩት የማይገባም አለ። ይህን ሳንለይ እንከፍትና አጋማሽ ላይ እናጠፋዋለን፤ ከዚያም «የፌስቲቫል ፊልም ይሰለቻል» ብለን እንደመድማለን። በዚህ የተነሣ ቬኒስና ካን ላይ የተጨበጨበላቸው ሥራዎች በገዛ አገራቸው ሰው ሳይታዩ ቀርተዋል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሳሎኑ ሞልቶ ከሆነ፦ «ላምብ» ወይስ «ድፍረት»?

ከሁለቱ በስም የሚታወቀው «ድፍረት» ነው፤ ምክንያትም አለው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ይህ ፊልም በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ አንጀሊና ጆሊም ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዷ ሆና ስሟን አኑራበታለች። አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ መቋረጡም ብዙ አነጋግሯል። ታሪኩ በ1990ዎቹ አጋማሽ በተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ላይ የቆመ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች የተጠለፈች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠመንጃ አንሥታ ጠላፊዋን ትገድላለች። ጉዳዩን የምትይዘው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች መዓዛ አሸናፊ ናት፤ በፊልሙ ውስጥ ሜሮን ጌትነት ተጫውታታለች። በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት መዓዛ እኚሁ ናቸው።

ከፊልሙ ውስጥ ዓይኔ ላይ የቀረው የፍርድ ቤቱ ክርክር አይደለም፤ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ወንዶቹ ተሰብስበው፣ ተራ ጠብቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይነጋገራሉ። ሟች ልጃቸው ነው፣ ገዳይም ልጃቸው ናት፤ ልጅቱ ግን ከመካከላቸው የለችም፣ ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃትም የለም። ዳይሬክተሩ ሽማግሌዎቹን ክፉ አድርጎ አልሣላቸውም። እንደ አያቶቻችን ለዛ ያለው ንግግር ይናገራሉ፣ እርስ በርስ ይከባበራሉ፤ ልብ የሚያደማውም ይኸው ነው። በሥራ ላይ የነበረው የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። በሩ የተዘጋው በ2005 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ፊልሙን ይህን ይዘው ቢያዩት እያንዳንዱ ትዕይንት ይከብዳል።

ድክመትም አለው። ከአጋማሹ በኋላ ገጸ ባሕርያቱ ለእኛ ማስረዳት የማያስፈልገውን ነገር ለውጭ ተመልካች ሲያስረዱ ይሰማል። «በእኛ ባህል እንዲህ ነው» ዓይነት ንግግር አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሲነጋገሩ አይመጣም። እኔን ከታሪኩ ያወጣኝ እሱ ነው።

ያሬድ ዘለቀ በ2015 የሠራው «ላምብ» ከዚህ በተቃራኒ ማንንም ለማስረዳት አይቸኩልም። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ለመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሲሆን፣ እንዲያም ሆኖ ስሙን የማያውቀው ሰው ይበዛል። ኤፍሬም የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቱን በድርቅ ምክንያት አጥቷል። አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ሩቅ ተራራማ አገር ዘመድ ቤት ትቶት ይሄዳል። ለልጁ የቀረችው ቹኒ የምትባል በግ ብቻ ናት፤ አጎቱ ደግሞ ለመስቀል ሊያርዳት ቢላዋ እየሳለ ነው።

ታሪኩ ይህን ያህል ነው። ግን ይህች ትንሽ ታሪክ ስንት ነገር ይዛለች! ኤፍሬም እንደ እናቱ ምግብ ማብሰል ይወዳል። አጎቱ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር መቀመጡን እንደ ውርደት ያየዋል፣ እርሻ እንዲለምድም ያስገድደዋል። ልጁ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል፤ ሳንቲሙን የሚያጠራቅመው ቹኒን ይዞ አገሩ ለመመለስ ነው። ሊጥ ሲያቦካ የሚያሳየውን ቦታ ልብ ብላችሁ እዩት። ያ ልጅ ንግግር አያበዛም፤ እናቱን የሚያስታውሳት በእጁ ነው። የዘመዱ ልጅ ጽዮን ደግሞ ማንበብ ትወዳለች፣ ስለ እርሻም የራሷ ሐሳብ አላት፣ ባል ፈልጉላት ሲባል ጀርባዋን ትሰጣለች። ዳይሬክተሩ «የሴቶች ጉዳይ» ብሎ ሳይጮኽ የዚያን ቤት ሴቶች በሙሉ አሳይቶናል፤ ያረጁትንም፣ የታመመ ልጅ የታቀፉትንም፣ ጥለው መሄድ የሚያምራቸውንም።

እንግዲህ የትኛው? ሳሎኑ ውስጥ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ «ላምብ»። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፣ ልጅ በግ ላይ ዓይኑን ይጥላል፣ አዋቂው ሰው ላይ። አያቶች ደግሞ በየመሀሉ «እኛ ጋ እንኳ እንዲህ ነበር» እያሉ ይተርካሉ፤ ፊልሙ ዝግ ያለ ስለሆነ ጨዋታቸውን ይችላል። ልጆቹ ደርሰው ከሆነ፣ በተለይ ሴት ልጅ ያለችው ቤተሰብ፣ «ድፍረት»ን አብሮ ማየት አለበት። አባትም ጭምር ይቀመጥ። ግን የበዓል ዕለት አይሁን፤ ከፊልሙ በኋላ ወሬ ይኖራልና ሰው ወደ ቤቱ የማይቸኩልበት ምሽት ምረጡ። ለእኔ ከሁለቱ የሚበልጠው «ላምብ» ነው። «ድፍረት» ትክክል የሆነ ነገር ነገረኝ፣ «ላምብ» ግን ሰው አስተዋወቀኝ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ፦ «ጤዛ» ወይስ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»?

ሁለቱም የኃይሌ ገሪማ ናቸው። በመካከላቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ አለ። ጎንደር ተወልዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ፊልም ያስተማረው ይህ ሰው በውጭው ዓለም ይበልጥ የሚታወቀው ስለ ባርነት በሠራው «ሳንኮፋ» ነው፤ እሱም በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል። ለእኛ ግን እነዚህ ሁለቱ ይቀርቡናል።

«ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትን ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ከፍተኛውን ሽልማት፣ የየነንጋን የወርቅ ፈረስ፣ አመጣ። አንበርብር ጀርመን ሕክምና ተምሮ በአብዮቱ ሰሞን ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ያየውን ያያል፣ ቆይቶም አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ያለው የእናቱ ቤት ይገባል። ፊልሙ ይህን በቅደም ተከተል አይነግራችሁም። ወደ ኋላና ወደ ፊት ይዘላል፤ ጀርመን የነበሩት የተማሪዎች ክርክሮች፣ የደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ የገጠሩ ሌሊት እየተቀላቀሉ ይመጣሉ። ብዙ ሰው አጥፍቶት የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ታገሡት። አንበርብር ራሱ የሆነውን በሙሉ ማስታወስ አልቻለም፤ እኛም የምናስታውሰው ከእሱ ጋር እኩል ነው። ፊልሙ የተሰባበረው ሰውየው ስለተሰባበረ ነው።

አንድ ትዕይንት ላንሣ። ወታደሮች ለጦርነት ልጅ ሊለቅሙ መንደሩ ይገባሉ፤ ልጆቹ እየሮጡ ይሸሻሉ፣ እናቶች ይጮኻሉ። ያንን ዘመን የኖረ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ ተመልክቻለሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፊልሙ እስኪያልቅ አልተናገረም። ለዚህ ነው «ጤዛ»ን ከትልቅ ሰው ጋር ከማየታችሁ በፊት ጠይቁ የምለው። አባታችሁ ወይም አክስታችሁ በዚያ ዘመን ወንድም ያጡ ከሆኑ ፊልሙ እንደ መዝናኛ አይቀርብላቸውም። እሺ ካሉ አብራችሁ እዩ፤ ካላሉ ግድ አትበሏቸው። ለብቻው ሲታይ ግን በተለይ ከአገር ወጥቶ «ተምሬ እመለሳለሁ» ላለ ሰው ከዚህ የቀረበ ፊልም አላውቅም። እናትየው ልጇን ስታይ ያለው ደስታና ግራ መጋባት፣ ጎረቤት «ምን ይዞልን መጣ?» ብሎ መጠበቁ፣ የተማረው ሰው በገዛ መንደሩ ምን እንደሚሠራ ማጣቱ በዋሽንግተንም በፍራንክፈርትም ያለ ሰው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይፈልጋል። በ1974 የንጉሡ ሥርዓት እየተናጋ ባለበት ወቅት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ባለሙያ ባልሆኑ ተዋንያን የተቀረጸ ነው። በ1976 ወጣ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ባለ መሬቱ ደጃፉ ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጦ ከሩቅ እየጮኸ ያዛል፤ ጭሰኞቹ ከጎሕ እስከ ማታ ሜዳው ላይ ናቸው። ካሜራው አይቸኩልም፤ ሰውዬው ሲያርስ እስከ ጥጉ ድረስ ሄዶ፣ በሬዎቹን አዙሮ እስኪመለስ ድረስ ያሳያችኋል። ከበበ የሚባለው፣ መንደሩ «ዕብድ» የሚለው ሰው ሲናገር ግን ፊልሙ በአንድ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። እውነቱን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፤ ማንም እንደ ሰው ስለማይቆጥረው ማንም አፉን አይዘጋውም።

ምርጫው ግልጽ ይመስለኛል። የኃይሌን ሥራ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ በ«ጤዛ» ጀምሩ። «ምርት»ን ለታሪክ ተማሪ፣ ለአሮጌ ፎቶግራፍ አፍቃሪ፣ ስለ «መሬት ላራሹ» በመጽሐፍ ብቻ ላነበበ ወጣት አስቀምጡት። ከእራት በኋላ አትክፈቱት፣ ይወስዳችኋል። ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ዘግቶ ማየት ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢው ላላችሁ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው የኃይሌና የባለቤቱ ሳንኮፋ መጽሐፍ ቤት የራሱን ፊልሞች ይሸጣል። ከዚያ ገዝቶ ማየት ለሠሪው በቀጥታ መድረሱ ነው።

ስለ ቤተ እስራኤል፦ «የሾላ ዛፍ» ወይስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን»?

እዚህ ላይ ንጽጽሩ የሚስበኝ ሁለቱ ፊልሞች አንዱን መንገድ ከሁለት ጫፍ ስለሚያሳዩት ነው። የራዱ ሚሃይሌአኑ የፈረንሳይ ፊልም «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» በ2005 ወጣ፤ ስሙን በአማርኛ ያስቀመጥኩት ትርጉሙን ተከትዬ ነው። በ1984 ሱዳን ካምፕ ውስጥ ያለች ክርስቲያን እናት ልጇን ከሞት ለማውጣት በ«ዘመቻ ሙሴ» በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከሚሄዱት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ታስገባዋለች። ልጇን በቅርቡ የቀበረች ሌላ እናት በሟቹ ስም ትቀበለዋለች። ልጁ እስራኤል ገብቶ በሌላ ሰው ስም ያድጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ገላውን ሲያጥቡት የሚሆነውን ማን ይረሳዋል? ውኃው በወለሉ ቀዳዳ ሲፈስ ሲያይ ልጁ ይጮኻል፤ በእጁ ሊገድበው ይታገላል። ውኃ ያጣ ሕዝብ መካከል አድጎ ውኃ መሬት ውስጥ ሲጠፋ ማየት አልቻለም። ከዚህ በኋላ ፊልሙ ምንም ባይናገር እንኳ ልጁን እናውቀዋለን። ማታ ማታ ከጨረቃ ጋር የሚያወራውም እናቱ በዚያ በኩል ያለች እየመሰለው ነው። ቄስ አምሃራ የሚባሉት ሽማግሌ ለልጁ ደብዳቤ ሲጽፉለት ያለው አማርኛ ጆሮ ላይ ይጣፍጣል።

«የሾላ ዛፍ» ደግሞ የዓለምወርቅ ዳቪድያን ሥራ ነው፤ ልጅ ሳለች ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄደች ዳይሬክተር ናት። በ2018 ቶሮንቶ ላይ ቀርቦ ሽልማት አግኝቷል። ዘመኑ የደርግ ማብቂያ፣ ቦታው አዲስ አበባ ነው። ሚና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ ቀድማ እስራኤል ገብታለች፣ እሷና ቤተሰቧም ሊሄዱ እየተሰናዱ ነው። የምትወደው ኤሊ ግን ክርስቲያን ነው፤ ከአፈሳ ለማምለጥም ሾላ ዛፍ ላይ ተደብቆ ይውላል። በአንድ በኩል አውሮፕላን እየጠበቃት ነው፣ በሌላ በኩል ዛፍ ላይ የተደበቀ ልጅ። በግንቦት 1991 በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ተኩል ቀን ውስጥ መጓጓዙን ሁላችንም ሰምተናል። ዜናው የተሳፈሩትን ነበር የቆጠረው፤ ይህ ፊልም የቀረውን ያሳያል።

«ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ረጅም ነው፣ ልብ ያባባል፣ ሙዚቃው አንዳንዴ እንባ ለማስወጣት ይጎተጉታል፤ ማልቀስ ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን የሚሻለው እሱ ነው። «የሾላ ዛፍ» አጭርና ጠበቅ ያለ ነው። ሰፈሩ፣ ግቢው፣ የልጆቹ ጨዋታ የኖረበት ሰው እንዳስታወሰው ሆኖ የተሠራ ነው። እኔ «የሾላ ዛፍ»ን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ከውጭ በርኅራኄ ያየናል፣ ሁለተኛው ግን ከውስጥ ነው። እስራኤል ተወልደው ወላጆቻቸው ስለ አዲስ አበባ ዝም የሚሏቸው ወጣቶችም በእሱ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።

ከተለመደው ወጣ ማለት ካማራችሁ፦ «ፋያ ዳዪ» ወይስ «ክራምብስ»?

«ፋያ ዳዪ» በ2021 የወጣ ሲሆን ከዚህ ዝርዝር አዲሱ እሱ ነው። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ራሷ ካሜራ ይዛ ዐሥር ዓመት ያህል እየተመላለሰች የቀረጸችው ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ለኦስካር የዘጋቢ ፊልሞች ዕጩ መለያ ዝርዝር ውስጥም ገብቶ ነበር። ስለ ጫት ነው። ግን ስለ ጫት የምናውቀውን ዓይነት ወቀሳ አትጠብቁ፤ ሙገሳም የለበትም። ቅጠሉ ይሸመጠጣል፣ ይታሰራል፣ ሳይደርቅ ገበያ ሊደርስ ይሮጥለታል፤ እጆች በፍጥነት ሲሠሩ እናያለን፣ ጭስ ሲወጣ፣ ሰዎች ስለ መሄድ ሲያወሩ። መሐመድ የሚባል ታዳጊ አባቱ ቅጠሉን ሲያጣ የሚመጣበትን ቁጣ ፈርቶ ይኖራል፤ ባሕር መሻገርንም ያስባል። በመካከሉ የሕይወትን ውኃ ፍለጋ የሚወጣ የሱፊ ተረት ይተረካል።

አብዛኛው በኦሮምኛ ስለሆነ ቋንቋውን የማትሰሙ የግርጌ ጽሑፍ ታነባላችሁ። እንደ ዜና ልትከታተሉት ከሞከራችሁ ይጠፋችኋል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ታሪኩ የት ሄደ?» ትላላችሁ። መብራት አጥፍታችሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ምስሉ እስኪወስዳችሁ ተዉት። በስልክ ማየት ግን በፍጹም አይሆንም፤ ያ ጭስና ያ ጥላ በትንሽ ስክሪን ይጠፋል።

«ክራምብስ» የስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ በ2015 ወጥቷል፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ይበልጣል፣ ንግግሩ አማርኛ ነው። ዓለም ካለቀች በኋላ በኢትዮጵያ ምድር የሚሆን የሳይንስ ልብ ወለድ ነው! ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቱት ጥንዶች አሮጌ የቦውሊንግ መጫወቻ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሰማይ ላይ ዝም ብላ ለዘመናት የቆመች የጠፈር መርከብ አንድ ቀን መንቀሳቀስ ትጀምራለች። የዛሬ ርካሽ ዕቃዎች፣ የላስቲክ አሻንጉሊት፣ አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ፣ በዚያ ዘመን እንደ ታቦት የሚከበሩ ቅርሶች ሆነዋል፤ ሱቀኛውም በታላቅ ክብር ታሪካቸውን እየተረከ ዋጋ ያወጣላቸዋል። ዳሎልን በዚህ ፊልም ያየ ሰው ቢጫና አረንጓዴው መሬት የተሠራ እንጂ የተፈጥሮ አይመስለውም።

ከጓደኞች ጋር ከሆናችሁ፣ ሁላችሁም ወጣቶች ከሆናችሁ «ክራምብስ»፤ አልቆ ገና እስክትስማሙ ድረስ ያከራክራችኋል። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ካለና ቤቱ ጸጥ ካለ «ፋያ ዳዪ»። በሥራነቱ የሚልቀው «ፋያ ዳዪ» ነው፤ ባለፉት ዓመታት ስለ አገራችን ከተሠሩት ካየኋቸው ሁሉ የማስቀድመውም እሱን ነው።

ለሁለት ሰው ምሽት

የፍቅር ፊልም ሲባል በሳቅ የተሞላውን የምንፈልግ ከሆነ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች አላጡም። ሌላ ነገር ለሚፈልጉ ሁለት ሰዎች የሔርሞን ኃይላይን «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» እጠቁማለሁ፤ 2015 ነው። ቴዲ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ከአንዲት ሴተኛ አዳሪ ጋር በተያያዘ ጠብ ታክሲው ይሰረቃል፣ ሁለቱም አብረው ሲፈልጉ ይቀራረባሉ። የሴቶች ወደ ዐረብ አገር መላክ ንግድም ታሪኩ ውስጥ አለ። ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ጅዳ ሠርታ የተመለሰች ሴት ይህን ፊልም ስታይ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም። የወደድኩለት ሴቲቱን ለማሳዘኛ ስላላቀረባት ነው፤ ትቆጣለች፣ ትዋሻለች፣ ትስቃለች፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

ስፖርት ለሚወድ ቤት

እዚህ ብዙ አልቆይም። የአበበ ቢቂላን ሕይወት የያዘው «ዘ አትሌት» እና የሁለት ጓደኛሞችን፣ የሯጩን የአብዲንና ፎቶ አንሺ መሆን የሚመኘውን የሰለሞንን ታሪክ የሚያወራው «ራኒንግ አጌንስት ዘ ዊንድ» አሉ። ሁለቱም በየዘመናቸው ኢትዮጵያን ወክለው ለኦስካር ቀርበው ነበር። ልጆች ካሉ ሁለተኛውን ክፈቱ፤ ይሮጣል፣ አይሰለችም፣ መጨረሻውን ግን ከሩቅ ታዩታላችሁ። አባት ካለ የመጀመሪያውን። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግር የሮጠበት እውነተኛ ፊልም አለበት፤ ከ1969ኙ የመኪና አደጋ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ሲወረውር፣ ኖርዌይ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ሲወዳደር ይታያል። ድሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከድሉ በኋላ ያለውን ሰውዬ ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ከመክፈታችሁ በፊት

በየድረ ገጹ ተቆራርጠው የተለጠፉትን አትመኑ። «ጤዛ»ን በዚያ መልኩ ያዩ ሰዎች ግማሹን ሳያዩ «አልገባኝም» ሲሉ ሰምቻለሁ። በሕጋዊ መንገድ የሚከራይ ወይም የሚሸጥ ቅጂ ፈልጉ፤ ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው ስለሚዘዋወሩ የፊልሙን ስም ከዳይሬክተሩ ስም ጋር አድርጋችሁ በላቲን ፊደልም ፈልጉት። ውጭ ላደጉ ልጆች የግርጌ ጽሑፉን አታጥፉባቸው፤ አማርኛው ጆሯቸው ላይ እየዋለ ትርጉሙን ያነባሉ፣ ከመሀል እያቆሙ ከማስረዳትም ያድናችኋል።

የፊልም ማኅበር ለማቋቋም የምታስቡ ካላችሁ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ይሁን በማኅበረሰብ ማእከል፣ «ላምብ»ን መጀመሪያ አድርጉት፣ ሁለተኛውን «የሾላ ዛፍ»፣ «ጤዛ»ን ደግሞ ሰዉ እርስ በርስ ከተለማመደ በኋላ። ለ«ጤዛ» ምሽት ከፊልሙ ማለቅ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አዳራሹን አስፈቅዱ፤ ቡናም ይኑር፤ መጀመሪያ እንዲናገሩም ትልልቆቹን ጋብዟቸው።